ለጁሪው መጠይቅ ልጄ የሰጠችው መልስ

ደብዳቤው የመጣ ቀን እቤታችን ውስጥ ከእኔ በቀር የተደሰተ ሰው አልነበረም። የካውንቲው ፍርድ ቤት ለጁሪ ሊጠራኝ አስቧል። ማለትም ከሌሎች ተራ ሰዎች ጋር ተደርድሬ ክርክሩን ሰምቼ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ልል ነው። ከዚያ በፊት ግን ብቁ መሆኔን ማወቅ ስለፈለጉ በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ ልከዋል። እኔ መጠይቁ ሳይከፈት ገና በሐሳቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ሰው በነፃ አሰናብቼ፣ በአንዱ ደግሞ ዕድሜ ልክ ፈርጄበታለሁ።

ባለቤቴን "ከዛሬ ጀምሮ እኔን ስታናግሪ ተነሥተሽ ነው" አልኳት።

"ተነሥቼማ ነው" አለችኝ። "ቆሻሻውን እስክታወጣ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው።"

የሳቀብኝ ይሳቅ። ግን እስቲ አስቡት። ከአየር ማረፊያው ሰው ሳመላልስ ጎማዬ ብቻ ሳይሆን መቀመጫዬም አልቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህ አገር የጠየቀኝ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ "ሻንጣው ይገባል?" እና "ኤሲውን ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ?" ፕሬዚዳንት ሲቀያየር፣ ወረርሽኝ መጥቶ ሲሄድ፣ ከኋላ ወንበር "አንተስ ምን ትላለህ?" ያለኝ ተሳፋሪ የለም። ካለም ሰክሮ ነው፤ መልሴን ሳይሰማ ተኝቷል። አሁን ግን መንግሥት ራሱ፣ ማኅተም ባለው ወረቀት፣ ምን እንደማስብ ሊጠይቀኝ ነው።

አየር ማረፊያው አጠገብ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ አለ። የኮሎራዶ ፀሐይ እዚያ ሜዳ ላይ ሲያርፍ በመኪናው መሪ ላይ እንቁላል መጥበስ ይቻላል። ከሌክውድ እየነዳ የሚመጣ ጓደኛዬን እዚያ አገኘሁትና ነገርኩት።

"ቀላል ነው" አለኝ። "እንግሊዝኛ አልችልም በላቸው። እኔ ሁለቴ ተጠርቼ ሁለቴም አልቻልኩም።"

"አንተ እኮ እዚሁ ኮሌጅ ጨርሰሃል!"

"እሱን ለፍርድ ቤት ማን ነገረው?"

"እኔ ግን መሄድ እፈልጋለሁ።"

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አሞሃል እንዴ?"

እኛ ዘንድ፣ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ቤት፣ ፎርም የልጅ ሥራ ነው። ድሮ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ "ይማርህ" የምንልበት አፓርትመንት ስንኖር ልጄ ጥርሷን ቀይራ ሳትጨርስ የኪራይ ውል ታነብልን ነበር። የትምህርት ቤቱንም፣ የኢንሹራንሱንም፣ የመኪናውንም እሷ ትሞላለች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኛ ታዞርና "ሳይን አድርጉ" ትላለች፤ እኛም በጣታችን ጫር እናደርጋለን። በዚህ ጣት ምን ምን እንደፈረምኩ አላውቅም። አንዱን ኩላሊቴን ሸጬው ሊሆን ይችላል።

የጁሪውንም እንዲሁ ሞላችው። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ አንድ ነገር እያኘከች ሞላችና "ዳድ፣ ሳይን" አለችኝ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። ጫር አደረግኩ። ከዚያ ለፍርድ ቤት የሚሆን ኮት ፍለጋ ቁምሳጥን ውስጥ ገባሁ።

መልሱ መጣ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፤ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገርና መረዳት እንደማይችሉ በሰጡት መልስ መሠረት በጁሪነት ለማገልገል ብቁ አይደሉም ይላል። ይህን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ያለ አስተርጓሚ። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ገባኝ።

ጓደኛዬ ሲሰማ ከመኪናው ወርዶ አቀፈኝ። "ሞኝ ትመስለኝ ነበር!" አለኝ። ለካ እንዲህም አለ! የሚችሉት አልችልም ብለው በኩራት ያመልጣሉ፤ እኔ ችዬ ልሂድ ስል በሩ ይዘጋብኛል።

ልጄ ከክፍል ስትመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳት።

"ይሄን ማን ነው የመለሰው?"

"ሚ፣ እኔ። አንተ ሳይን አድርገሃል፣ ሪሜምበር?"

"ጁሪ ሄጄ ሥራ እንዳልፈታ ብለሽ ነው አይደል?" አልኳት። ይህን ስል መውጫ በር እየከፈትኩላት ነበር። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አዎ ብትለኝ ትንሽ ጮኼ፣ ትንሽ ቀልጄ፣ እራት እንበላ ነበር።

"ኖ" አለች። "ትሩ፣ እውነት ስለሆነ ነው።"

"ትሩ? በዚህ እንግሊዝኛ እኮ ነው ያሳደግኩሽ! በዚህ እንግሊዝኛ ኢንተርስቴቱ አውራ ጎዳና ላይ ፖሊስ አቁሞኝ ተከራክሬው፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ነው የሄደው!"

"ዳድ፣ ይቅርታ አልጠየቀህም። የቅጣት ቲኬት ሰጥቶህ ነው የሄደው።"

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር። ልጄ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ "የማሚን ሆስፒታል ትዝ ይልሃል?" አለችኝ።

ወጥ ቤት የሚፈስሰው ቧንቧ ተዘጋ።

ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ ኦፕሬሽን ሆና ዶክተሩ ወጥቶ ረጅም ነገር ነገረኝ። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት። ፈገግ ሲል ፈገግ አልኩ፤ እንዲያውም የሆነ ቀልድ ነገር ጣል አድርጌለታለሁ፤ በሁለት እጄ ጨብጬ አመስግኜ ሸኘሁት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሞተር ሳላስነሣ፣ ወደ ልጄ ዞር ብዬ "ምን አለ?" አልኳት። ያኔ ገና የሚድል ስኩል ልጅ ነበረች። ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም ነበርና ትንሽ ፈለገችው፤ ከዚያ "ማሚ ውስጥ የቀረ ነገር አለ" አለችኝ። ዕጢውን ሁሉ ማውጣት አልቻሉም ነበር፤ እንደገና ሊከፍቷት ነው። እናቷ ድና ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ትስቅብኛለች፤ ተመስገን። የዚያን ቀን ግን ነገሩን ለእኔ የነገረችኝ ልጄ ነች፤ ለእናቷም የነገረቻት እሷው ነች።

"ዶክተሩ አንተን እያናገረ ቆይቶ እኔን አየኝ" አለች። "ሂ ኒው፣ ዳድ። እንዳልገባህ ያውቅ ነበር። አንተ ግን ትስቅ ነበር።"

"ያ የሐኪም እንግሊዝኛ ነው። የሐኪም እንግሊዝኛማ ነጮቹም አይገባቸው።"

"የሎየር እንግሊዝኛስ? የተከሰሰው ሰውዬ ፕሪዝን ሊገባ ይችላል። አንተ ሳይገባህ ዝም ብለህ ራስህን ትነቀንቃለህ። አይ ኖው ዩ።"

ቀልድ ፈለግኩ። እኔ የምባለው ሰው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ ሁለት ሰው አስቄ የምወጣው ሰው፣ ኪሴን ሁሉ ዳብሼ አንድ ቀልድ አጣሁ። ልጄ ለሥራዬ አዝና ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አልዋሸችም። ስለ እኔ የምታውቀውን በእኔ ፊርማ መሰከረች።

በማግስቱ ግን ደወልኩ። እልህ ነው። ልጄ ከፊት ለፊቴ ስልኳን እያየች ተቀምጣለች፤ እንድትሰማ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ያነሣችው የፍርድ ቤት ሠራተኛ ትሕትናዋ ልክ የለውም። ስሜን ስነግራት ከኮምፒውተሯ ላይ ያለውን አየች መሰል፣ "አስተርጓሚ መስመር ላይ ላስገባልዎ?" አለችኝ። አልፈልግም፤ እንግሊዝኛ እንደምችል ልነግርሽ ነው የደወልኩት አልኳት። ሁሉንም በእንግሊዝኛ አስረዳኋት። እንደዚያ ቀን ቋንቋው ታዞልኝ አያውቅም፤ ማሰሪያ አንቀጾቹ ራሳቸው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር።

"ማስተካከል ይቻላል" አለችኝ። "ቅጹ ግን እውነት ነው ተብሎ የተፈረመ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መልስ እንዴት እንደተሳሳተ መመዝገብ አለብኝ። የሞሉት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?"

ልጄ ቀና አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ ያን ቀን የመለሱት ስህተት ነበር?"

አንድ ቃል ነው የቀረኝ። አዎ ካልኩ ወንበሩ የእኔ ነው። ግን አንድ የማላውቀው ተከሳሽ ታየኝ፤ የተዋሰው ኮት ሰፍቶት፣ ጠበቆቹ ሲናገሩ እነሱን ትቶ የእኔን ፊት የሚያነብ። እኔም ራሴን እነቀንቅለታለሁ። እሱም የገባኝ ይመስለዋል።

"አይ" አልኳት። "ስህተት አይደለም። እንዳለ ይሁን።"

ሴትየዋ ኪቦርዷን ስትመታ ተሰማኝ። ከዚያ "ጌታዬ፣ እንግሊዝኛዎ እኮ በጣም ጥሩ ነው" አለችኝ። አመሰገንኳት። እዚህ የተወለደን ሰው እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው የሚለው የለም፤ ይህችን ምርቃት የሚያገኘው የእኔ ቢጤ ብቻ ነው።

ስልኩን ዘጋሁት።

"ዋይ፣ ዳድ?" አለች ልጄ። "የስ ማለት ትችል ነበር እኮ።"

"ብል ኖሮ አንቺ ታምኚኝ ነበር?"

ስልኳን ወደ ፊቷ አስጠግታ ማየት ጀመረች። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር።