የጋሽ ተፈራ ጣቶች

ካርቱም ሳለሁ አንዲት ሱዳናዊት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስለ ወንድነት ጥናት ታጠና ነበርና፣ አስተርጓሚ ሆኜ አል-ሳሃፋ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ተፈራ ቤት ወሰድኳት። ጋሽ ተፈራ የጭነት መኪና መካኒክ ነው፤ በር የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ነው። ሐበሻ ጎረቤቶቹም ተሰብስበው ጠበቁን። ሚስቶቻቸው አርካዊት የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው እያደሩ ስለሚሠሩ ወደ ቤታቸው የሚመጡት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። የሄድንበት ቀን ሐሙስ ነበር።

«ወንድ ልጅ የማይሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩ።

«ማጀት አይገባም» አለ አንዱ።

«ፀጉር አይሠራም!» አለ ታዴ የሚባለው ሹፌር ደረቱን ነፍቶ። «ሹሩባ የሚሠራ ወንድ ካየሁማ ቀሚስ ነው የምገዛለት!»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ሳቁ።

በዚህ መሀል የጋሽ ተፈራ ትንሿ ልጅ ገባች። ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። መጥታ ጉልበቶቹ መሀል ቁጭ አለችና ማበጠሪያውን ሰጠችው። እኔ በእሱ ፈንታ አፈርኩ። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ሥራውን ቀጠለ። ግሪስ የጠገቡት እነዚያ ወፋፍራም ጣቶች እንደ ክር የቀጠነ ሹሩባ ሲያወርዱ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መምህርቷም ጥያቄዋን ረሳችው። ታዴ ዓይኑን ከመሬት አልነቅል አለ። ጋሽ ተፈራን የናቀው መስሎኝ ነበር።

ወዲያው አንዲት ሌላ ሕፃን ማበጠሪያ ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቀጥ ብላ ወደ ታዴ ሄደች።

«ባባ፣ ያላ፣ ቶሎ በል፣ ጋሽ ተፈራን እኔንም እንዲሠራኝ ንገረው እንጂ! ነገ እማዬ ስትመጣ ፀጉሬ እንዲህ ተበትኖ ልታየኝ ነው?»