በእማሆይ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ስም

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመን... ሐኪሙ አንዲት የደብተር ቅጠል ዘርግቶ «ጌትነት የሚባለው ማን ነው?» አለ።

እኔ ነኝ። ስሜ በሰው ፊት ሲጠራ ሁሌም የሆነ ጥፋት ስላለኝ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወረቀቷ የእማሆይ ነች። እማሆይ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው አምበር ከተማ ባለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ከፋሲካ በኋላ ጠሩኝና «ከስምንተኛ ክፍል ብታመልጥም ጽሕፈትህስ ያምራል፣ ና ጻፍልኝ» አሉኝ። ጎረቤታቸው ቱቦ በጉሮሮው እንደተሰካ፣ ሳይቆርብ ሞቶ ስለነበር ፈርተዋል።

«መርፌውንም ክኒኑንም ይስጡኝ። ቱቦ ግን በጉሮሮዬ እንዳይገባ። ሥጋ ወደሙ በየት ሊያልፍልኝ ነው?»

«ሽሮውስ እማሆይ? ሽሮውም እኮ አያልፍም!»

«አንተ ሆዳም! ጻፍ ብዬሃለሁ!»

ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «አንደበቴ ከተዘጋ ስለ እኔ የሚናገረው ልጄ ሙሉቀን ነው በል» አሉኝ። እኔ ደግሞ... «ጌትነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አያ ሙሉቀን ቁጡ ነው። አይቶ ሲጨስ ልስቅበት፣ ከዚያ ልሰርዘው ነበር ሐሳቤ። እማሆይ ግን ወረቀቷን ተቀብለውኝ ለንስሐ አባታቸው ሰጧት። እኔም ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ... ረሳሁት።

እና ያን ቀን እማሆይ አልጋ ላይ ናቸው። ግማሽ አካላቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸው ተይዟል። ሐኪሙ «ትንፋሻቸው እየደከመ ነው። ቱቦ አስገብተን በማሽን ልናግዛቸው እንችላለን። ወረቀቱ አይሆንም ይላል። ወሳኙ ደግሞ ጌትነት ነው ይላል» አለ።

«ማን? ይሄ?» አለ አያ ሙሉቀን።

«አያ... ቀልዴን ነው» አልኩ።  «ያንተን ስም ነበር ያሉኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ፊቱ በራ። «እንግዲያ ወሳኙ እኔ ነኝ! ዶክተር፣ አስገቡላት!»

«ቆይ፣ ልጄ» አሉ የንስሐ አባታቸው። ወረቀቷን ለሐኪሙ ያመጡለት እሳቸው ናቸው። «ወረቀቷ ላይ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ቃል በቃል አንብቤላቸዋለሁ። ስሙ ላይ ስደርስ ሳቁ። ላርመው ስል... ‹ይተዉት አባቴ። ሙሉቀን ይወደኛል፤ የጨነቀው ቀን ያስገባብኛል። ይሄ ባለጌ ግን እንቢ ማለት ያውቅበታል› አሉኝ።»



አያ ሙሉቀን ሁለት እጄን ያዘኝ።  «ጌትዬ... እናቴን አትግደልብኝ። አስገቡ በል። አንዲት ቃል ናት።»

እማሆይን በበሩ በኩል አየኋቸው። አንድ ዓይናቸው በግማሽ ተከፍቷል። እኔን ይዩ፣ ጣራውን ይዩ... እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አይገባም» አልኩ።

የገዛ ድምፄ መሆኑን የለየሁት አያ ሙሉቀን እጄን ሲለቅ ነው።

በዚያው ቀን ወደ አምበር ወሰድናቸው። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ቤት ድረስ መጥተው አቆረቧቸው፤ ዋጡ። ረፋዱ ላይ አረፉ። ሰው ሁሉ «ታድለው!» አለ። እኔም አልኩ።

ግን ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙን ለብቻው ይዤ «ቱቦው ቢገባ ይተርፉ ነበር?» ብዬው ነበር።

«ምናልባት» አለኝ።

ይህቺ ምናልባት... ምሳ ስበላ ከጎኔ ትቀመጣለች። ጓደኞቼን ሳስቅ መሃል ላይ ትመጣና የቀረውን ታስረሳኛለች። አያ ሙሉቀን በተዝካሩ ላይ ጠላ በገዛ እጁ ቀዳልኝ። ፊቴን ግን አላየም።

ትናንት ደግሞ የሰፈራችን እትዬ የሺ ወረቀት ይዘው መጡ። «እንደ እማሆይ አድርገህ ጻፍልኝ እስቲ።» ጻፍኩላቸው፤ አንድም ቀልድ አልጨመርኩም። መጨረሻው ላይ ስደርስ «የማንን ስም ላድርግ?» አልኳቸው። ፊቴን ያዩ ጀመር... ቶሎ ብዬ «እስክሪብቶው ነጠፈብኝ» ብያቸው ወጣሁ።

እስክሪብቶው አዲስ ነው።