ተሳላሚዋ በቅሎ

በቅሎዋ ወደ ቤታችን የመጣችው ቄስ የነበሩት አጎቴ ሲያርፉ ነው። ዝናዋም አብሯት መጣ፤ አንኮበር ላይ የማያውቃት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ቢጎትቷት ንቅንቅ አትልም። «ከጌታዋ ጋር ስንት ዘመን ተሳልማ፣ ጸሎት ገብቷት ነው» ይላል ሰዉ። በጋማዋ እጃቸውን አሽተው ፊታቸውን የሚዳብሱ ሴቶችም ነበሩ።

ለእኔ ግን መከራ ሆነችብኝ። ያን ጊዜ ልጅ አልነበርሁም። ባል አግብቼ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ፊደል ልቁጠር ብዬ የተነሣሁት። የኔታ የሚያስተምሩት ከቁልቁለቱ በታች፣ ጠዋት፣ ወደ ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ብቻ ነው። ጉልበቴ ከልጅነቴ የተጎዳ ነውና ያለ በቅሎ ያን ዳገት መመለስ አልችልም። መንገዱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያልፋል። እኔ ወርጄ፣ ተሳልሜ፣ ኮርቻዬ ላይ ስመለስ እሷ ገና እንደ ቆመች ናት። ስደርስ የኔታ ዳዊታቸውን አጥፈው ሲነሡ ነው የማገኛቸው።

አንድ ቀን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ከእንግዲህ ካረፈድሽ አትድከሚ» አሉኝ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ዓይኑ ቀድሞም የእርሻ በሬ ላይ ነበር።

«ፋሲካ ሲደርስ ደብረ ብርሃን ወስጄ በበሬ እለውጣታለሁ። ቆማ ስትጸልይ የምትውል በቅሎ ምን ታደርግልናለች? ገዳም ትግባ!»

«እስከ ፋሲካ አቆይልኝ። አስተምራታለሁ።»

«እትዬ፣ አንቺ ራስሽ ዳዊት ሳትደግሚ በቅሎ ልታስተምሪ?»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። እሷ ከሄደች ትምህርቴም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ የገባኝ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ያገኘን ጠዋት ነው። ሰውየው በርበሬ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ ራሱ ላይ ነጭ ጥምጥም አድርጓል። በቅሎዋ ፊቱ ቆመችና ራሷን ዝቅ አደረገችለት።

«ያ አላህ! እሜቴ፣ ይቺ መስቀል አሳልመኝ እያለች ነው?»

«ቄስ መስለዋት ነው። ይቅርታ ያድርጉ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። መስቀል እንደሌለኝ ግን ይንገሯት!»

ይህን ሲል እሷ አፍንጫዋን መዳፉ ውስጥ ከታ ታነፈንፋለች። ያኔ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ደጃፍ ላይም ሆነ ቄስ ሲያገኙ ይወርዱና፣ ጸሎቱም ወሬውም እስኪያልቅ እንዳትጎትታቸው፣ ከአቁማዳቸው እፍኝ ገብስ ያቀርቡላት ነበር። እኛም ስትቆምብን ገብስ እናሳያታለን። ለመሄዷ የሰጠናት ይመስለን ነበር እንጂ የምንሰጣትስ ለመቆሟ ነበር።

በማግስቱ ገብሱን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት። ደጃፉ ላይ ቆመች። ወርጄ ተሳለምሁ፣ ልጓሟን አላልቼ ይዤ ጠበቅሁ። አለንጋ የለ፣ ገብስ የለ። መሬቱን በኮቴዋ ቆፈረች፣ ሆዴን በአፍንጫዋ ገፋች፣ ጆሮዋን ጣለች። ከቅጥሩ ሥር የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ እንስሳዪቱ እየሰገደች አንቺ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽባት?»

«እኔ ተሳልሜያለሁ፣ እማሆይ። እሷ የምትጠብቀው ገብስ ነው።»

«እኔስ ብሆን ቁራሽ እየጠበቅሁ አይደል የምቀመጠው? እኔንም ልታስነሺኝ ነው?»

እየሳቅሁ ሳለ በቅሎዋ ሰልችቷት አንድ እግሯን ወደ ፊት አነሣች። ወዲያው፣ እግሯ መሬት ሳይነካ፣ ገብሱን አፏ ሥር አደረግሁላት።

በሚቀጥሉት ጠዋቶች ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። አንድ ቀን ጭራሽ አረፈድሁና የኔታ ቅዳሴ ገብተው ደረስሁ፤ በማግስቱ ለምኜ ነው የተቀበሉኝ። በበቅሎዋ ግን አልደነገጥሁም። ሰውም የለመደውን ሲነፍጉት መጀመሪያ ይጮኻል፤ ሌላ የሚፈልገው ጩኸቱ ሲሰለቸው ነው። ቀስ በቀስ ገብሱን አራቅሁት፤ መጀመሪያ ከቅጥሩ ጥግ፣ በኋላ ከማዶው የወይራ ዛፍ ሥር። ልጓሙን ስይዝ የምትቆም፣ ስለቅ የምትሄድ በቅሎ ሆነች። ለራሴም ከዚሁ ቀዳሁ። የኔታ አለንጋቸውን ሲያጮሁ ልጆቹ የሚያውቁት ሁሉ ይጠፋባቸዋል፤ እኔ ግን ቤት ብቻዬን ንባቤን ስቀጽል ሽምብራ ቆሎ ከፊቴ አስቀምጣለሁ፣ አንዱን መስመር ሳልሰናከል ካልዘለቅሁ ፍሬዋን አልነካም።

ፋሲካ ሲቃረብ ወንድሜ «እስቲ ልያት» ብሎ ራሱ ተቀመጠባት። እኔ ቁልቁለቱን ከኋላ ተከተልሁ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ እሷው ትቆማለች ብሎ ልጓሙን አልያዘም። እሷ ደግሞ ያልያዛትን መች ትጠብቃለች? ሽው ብላ አለፈች።

«አንተ!» ጮኹ እማሆይ፤ «በቅሎዋ የምትሳለመውን አንተ ጥለህ ታልፋለህ?»

ወይራው ሥር ግን ቀጥ አለች፤ አንገቷን አዙራ ተመለከተችው። ቢኮረኩራት አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ሆነች ደግሞ?»

«የሠራችበትን ትጠይቅሃለች። ገብስ ስጣት።»

«ከየት አምጥቼ?»

መቀነቴን ፈትቼ መዳፉ ላይ አፈሰስሁለት። ጎንበስ ብሎ አጎረሳት፤ ከንፈሯ እጁን ሲነካው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ወረደና ልጓሙን ሰጠኝ።

«ደብረ ብርሃን በእሷ ፈንታ በጎቹን እወስዳለሁ» አለ፤ ሳይሳለም ያለፈውን ደጃፍ ሊሳለም በእግሩ ተመለሰ።

እኔ ተቀምጬባት ወረድሁ። ስደርስ የኔታ ዳዊታቸውን ገና ከማኅደሩ እያወጡ ነበር።