ወረፋ ላይ የፈተልኩት ጠጉር

ሥራ ለሌላቸው አሮጊቶች ከሚሰጠው ድጎማ ስሜ ተዘሎ ወረዳ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። “ነገ ይምጡ” ቢሉኝ ምን ገዶኝ! እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ወረፋው ላይ እንዝርቴን አውጥቼ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ።

በአራተኛው ቀን ተራዬ ደረሰና ጸሐፊው ቀና አለ።

“እማማ፣ ሥራ የለኝም ብለው አመልክተው ይኸው እየሠሩ አይደል እንዴ? ማመልከቻዎን ልሰርዘው ነው።”

“ልጄ፣ ይሄ አንተ ሥራህን እስክትሠራ እጄን ማቆያ ነው። አንተ ስትዘገይ አንድ ባና ብርድ ልብስ የሚወጣው ፈትያለሁ። ወስጄ ለአለቃህ ላሳየው?”

ፊቱ ቀላ። ስሜን ጻፈና ማኅተሙን መታልኝ።

ኮራ ብዬ ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። አንድም እንዝርት አይታይም፤ ሁሉም ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሥራ አይተው እንደማያውቁ ተቀምጠዋል።