በዱላቸው ያሰመሩት ዳገት

ባለቤቴ ዋጋ ሲነገራቸው ጭነቱ ሲበዛ ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ መስመር አፈር ላይ በዱላቸው ያሰምሩ ነበር። እህል በበቅሎ ወደ አዲ አርቃይ ስንልክ መነሻ ክፍያው ካስደነገጠኝ፣ «አንቺ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ፣ ዳገቱን እዪ እንጂ!» ይሉኛል።

«የሊማሊሞን ዳገት ነው?» እላለሁ።

ይስቃሉ። «በየኩንታሉ የሚጨመረውን! መስመሩን ዳገት የሚያደርገው እሱ ነው።»

ትናንት ለተዝካራቸው የምሸጠውን እህል ልልክ ሁለት ባለ በቅሎዎች ጠራሁ። አንዱ አምስት ብር መነሻ፣ ከዚያም በኩንታል አንድ ብር አለኝ፤ ሌላው ያለ መነሻ በኩንታል ሁለት ብር። በባለቤቴ ዱላ የሁለቱንም ዋጋ አሰመርኩ። መስመሮቹ አምስት ኩንታል ላይ ተገናኙ። ያለኝም አምስት ኩንታል ነው። ደምስሼ ደግሜ አሰመርኩ፤ ያው ሆነ።

«እናታችን፣ ማንኛችንን መረጡ?» አሉኝ።

 ባለቤቴ፣ እኩል ሲሆን ምን እንደሚደረግ አልነገሩኝም ነበር።