ቤት የማይገባው ንፍሮ

የበዓላትን አመጣጥ በማወቅ መካኒሳ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ያለ አስተማሪ፣ በራሴ ጥረት አንብቤ ነው የደረስኩበት። ቄሱ እንኳ ሲቸግራቸው ይጠይቁኛል። በእውቀቴ ተደንቀው የማያውቁት ሟች አክስቴ ብቻ ናቸው።

በግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ንፍሮ የሚበላው ደጅ ነው፤ የተረፈው ቤት አይገባም። አክስቴ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትገባ በር ላይ ቆመው ልብሳችንን ያራግፉ ነበር።

አምና ግን አልጋ ላይ ዋሉ፤ እህል አልቀምስ ብለው ከስተው ነበር። እኔም ንፍሮውን በሳህን ይዤ ገባሁ።

«ይኼን ከቤቴ አውጣ!» አሉ።

«እትዬ፣ ሥርዓቱ የመጣው ሐና ተሰዳ እመቤታችንን ተራራ ላይ ስለወለደች ነው። ቤት አይግባ የሚል የትም አላነበብኩም።»

«አንተ ሊቁ! ሐና ደጅ ከወለደች እኔ ደጅ መብላት ያቅተኛል? አውጡኝ!»

ከነፍራሻቸው ተሸክመን አወጣናቸው። እያካፋ ነበር። ጥቂት ፍሬ አላመጡና በቃኝ አሉ። ስንመልሳቸው በሩ ላይ አስቆሙንና በገዛ እጃቸው ጋቢዬን አራገፉልኝ። ሳምንት ሳይሞላ መካኒሳ አቦ ቀበርናቸው።

ዘንድሮም ደጅ ወጥተን በላን። ስመለስ እንደ ልማዴ የጋቢዬን ጫፍ ዘርግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ባዶ አልጋቸው ይታያል። ጋቢዬ ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ ተጣብቃለች። በገዛ እጄ ማራገፍ ከብዶኝ፣ እስኪመሽ ደጅ ተቀመጥኩ።