የሺገኖ ማህተም

ሺገኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው የሌላ ሰው እጅ የሳለውን ማረም ነው። ቶኪዮ ውስጥ ከኦጊኩቦ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው የካርቱን ፊልም ስቱዲዮአችን ወንበሬ ከወንበሯ አጠገብ ነበር፤ እሷ ትመረምራለች፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። አንድ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ሲራመድ ለማሳየት አርባ ሁለት ስዕል ካስፈለገ፣ አርባ ሁለቱም በአንድ ትልቅ ፖስታ ይመጡላታል። በጣቶቿ መሃል ይዛ ታገላብጣቸዋለች፤ ስድስት ጣት ያለው እጅ ወይም የተረሳ የጆሮ ጌጥ ካገኘች በቀይ እርሳስ ታርማለች። ሁሉም ሲስተካከል ስሟ የተቀረጸበትን ትንሽ የእንጨት ማህተም ፖስታው ላይ ትመታለች። ያለዚያች ቀይ ክብ ፖስታው ወደ እኔ አያልፍም።

ያን ጊዜ የምንሠራው ተከታታይ አኒሜ ሃጊ ስለምትባል ልጅ ነበር። ሃጊ ከዛሬ ሺህ ዓመት በፊት በቤተ መንግሥት መጽሐፍ በእጅ እየጻፈች ታባዛለች፤ የቤተ መቅደሱ ደወል በተደወለ ቁጥር ራሷን በዛሬዋ ቶኪዮ ታገኘዋለች። በተከታታዩ ዘጠነኛ ክፍል ደረት ላይ የሚደራረበውን የጥንት ልብሷን፣ ኪሞኖዋን፣ እንደለበሰች የባቡር ጣቢያውን አደባባይ ታቋርጣለች።

የዚያ ትዕይንት ፖስታ ሰኞ ጠዋት መጣ። ሺገኖ ሦስት ስዕል አይታ እጇ ቆመ።

"ይህችን ልጅ ማነው የገደላት?" አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ጎን ከላይ ይደረባል። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ብቻ ነው። ሃጊ ቀኙን ከላይ ደርባ፣ ፈገግ ብላ ትራመዳለች። የክፍሉ አዘጋጅ ኩራቺ ልጅቷ በሌላው አቅጣጫ እንድትሄድ ፈልጎ፣ እንደገና ከማሳል ይልቅ ስዕሎቹን በመስታወት እንደሚታዩ አድርጎ አስገልብጧቸዋል።

ኩራቺን እርሳስ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ "ሳን" ብሎ በአክብሮት ነው የሚጠራት። ጠራችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ልብስ ነዋ፣ ሺገኖ ሳን።"

"የሬሳ ልብስ ነው።"

"ሦስት ሰከንድ እኮ ነው! ማን ያየዋል? የዘንድሮ ልጅ ኪሞኖ የሚለብሰው በዕድሜው አንዴ፣ እሱንም ተከራይቶ።"

"እኔ አይቼዋለሁ። ሁለት ቀን ስጠኝ፣ ደረቷን እኔው እስለዋለሁ።"

"ሁለት ቀን ከየት ላምጣ? ከመደርደሪያ ላይ ላውርድልዎ? ይምቱልኝና ይለፍ።"

"አልመታም።"

"እያረጁ ሲሄዱ ባሰብዎ።"

"አንተም ስትሾም ዓይንህ ጠፋ።"

ማንም አልሳቀም። የሺገኖ እናት የሞቱት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነበር። የመጨረሻ ልብሳቸውን፣ ቀኙን ከላይ አድርጋ ያለበሰቻቸው ራሷ ናት። ኩራቺም ለቅሶው ላይ ነበር።

ለምሳ ስትወጣ ኩራቺ መሳቢያዋን ከፈተና ማህተሟን አውጥቶ ፖስታው ላይ መታ። ከዚያ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አይቻለሁ። ቀለሜን ከፍቼ መቀባት ጀመርኩ።

ተመልሳ ቀዩን ክብ ስታይ፣ "ማነው የመታው?" አለችኝ። ነገርኳት። ኩራቺን አላናገረችውም፤ ቀጥታ ወደ ኃላፊው ገብታ ፖስታው ይመለስልኝ አለች። የሐሙሱ ሥርጭት ደርሷል ተባለች። እስከ ማታ እርሳሷ ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

ሐሙስ ታየ። ለካ ማንም አያየውም የተባለውን ተመልካቾቹ ልጆች ገና ትዕይንቱ ሳያልቅ አይተውታል። "ሃጊ የሞተች ናት" የሚለው ወሬ እስከ ጠዋት አገር አዳረሰ። ኃላፊዎቹ ደስ አላቸው፤ ደራሲዎቹን ጠርተው ልጅቷ በእርግጥም ሙት ትሁን አሉ። ኩራቺ ለአንድ መጽሔት "ከመጀመሪያው አስቤበት የጣልኩት ፍንጭ ነው" ብሎ ተናገረ። "አራሚያችን ሺገኖም በማህተሟ አጽድቃዋለች።"

መጽሔቱን ከአንድ ካርቶን ኬክ ጋር ይዞላት መጣ።

"አዩ፣ ሺገኖ ሳን? ስምዎ ወጣ። ያን ያህል የተጣላነው በከንቱ ነበር።"

ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ማህተሟን አወጣችና የእርሳስ ጫፍ በምታሾልበት የብርጭቆ ወረቀት ላይ ፊቱን ደፍታ ትፍቀው ጀመር። የስሟ ፊደል ቀይ ዱቄት ሆኖ እስኪያልቅ አላቆመችም። ልሙጡን እንጨት ኩራቺ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

"በል፣ አሁን ደስ ያለህን ግደልበት።"

ኮቷን ለብሳ ወጣች። በእኔ በኩል ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም። ኬኩን የበላ የለም። በቀሩት አሥራ አምስት ክፍሎች የሃጊን ደረት ቀኙን ከላይ እያደረግን ሳልን፤ ሁሉንም ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ።